ከጭልጋ መንገድ ዳር ያገኘኋቸው ጥቃቅን ጥርሶች የየትኛው አይጥ ናቸው?

ቀሃ ዳር — ጥር 9፣ ከምሽቱ 2፡40

ጤና ይስጥልን። ጎንደር ከተማ ውስጥ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ባለፈው ቅዳሜ ወደ አይከል ስንጓዝ የመኪናችን ጎማ ፈነዳና እስኪቀየር ድረስ ጥላ ፍለጋ ከመንገዱ ዳር ወዳለ ገደል ተጠጋሁ። ገደሉ የተነባበረ ሸክላማ ድንጋይ ነው፤ በመካከሉ ጥቁር የድንጋይ ከሰል መስመር ያልፋል። ከግርጌው የተከመረውን ልቅ አፈር በጣቴ ስጭር ብርቱካንማ ቀለም ያላት፣ እንደ አዲስ ጨረቃ የጎበጠች ቁራጭ ብቅ አለች። የአይጥ የፊት ጥርስ መሆኗን ወዲያው ለየሁ። ሁለት እፍኝ አፈር በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ወሰድኩ።

ቤት ስደርስ አፈሩን በጤፍ ወንፊት ላይ አድርጌ ውኃ አፈሰስኩበት። ጭቃው ታጥቦ ሲሄድ የቀረውን ነጭ ሳህን ላይ ዘርግቼ በአጉሊ መነጽር ስለቅም አመሸሁ። 31 ጥርስ ወጣ፤ 8 የፊት ጥርስ፣ 23 መንጋጋ። አብዛኞቹ መንጋጋዎች ርዝመታቸው ከሁለት የጤፍ ፍሬ አይበልጥም። አራቱ ግን ተለቅ ይላሉ።

ጭልጋ የ27 ሚሊዮን ዓመት ቅሪተ አካል የወጣበት አገር መሆኑን ለተማሪዎቼ በየዓመቱ እነግራለሁ። ሁለት ግዙፍ ቀንድ የነበረው አርሲኖይቴሪየም፣ የዝሆን ቅድመ ዘመዶች፣ በቦታው ስም ጭልጋቴሪየም የተባለው እንስሳ ሁሉም ከዚያው ናቸው። በእጄ ያሉት ጥርሶች የዚያ ዘመን ይሆኑ? ካልሆኑስ ዝርያቸው በምን ይታወቃል? ፎቶ አያይዣለሁ።

የወንፊት ሰው — ጥር 9፣ ከምሽቱ 4፡15

መምህርት፣ እንኳን ደህና መጡ። እኔ አፋር ውስጥ ከቁፋሮ ቡድኖች ጋር ለብዙ ዓመታት አፈር ያጠብኩና ጥርስ የለቀምኩ ሰው ነኝ። የጤፍ ወንፊት መጠቀምዎ ደስ አሰኝቶኛል። ብዙ ሰው ሰፊ ዓይን ያለው ወንፊት ይይዝና ትንንሾቹ ጥርሶች ከጭቃው ጋር ያመልጡታል፤ ከዚያ «በዚህ ቦታ ትልልቅ አይጦች ብቻ ነበሩ» ብሎ ይጽፋል።

ዕድሜውን ለጊዜው እንተወውና ጥርሱን እንመልከት። የፊት ጥርስ ኢናሜል፣ ማለትም ጠንካራው የጥርስ ሽፋን፣ በፊት ለፊቱ ብቻ ስለሆነ የኋላው ቶሎ ይበላል፤ ጫፉም እንደ መሮ ስለታም ሆኖ ይቀራል። ይህ የአይጥ፣ የፍልፈልና የጃርት የጋራ ምልክት ነው። ጥንቸልም በሩቁ ትመስላቸዋለች፤ እርሷ ግን ከላይኛዎቹ የፊት ጥርሶች ኋላ ሌላ ጥንድ ትንንሽ ጥርስ አላት። ጠበቅ ብሎ የጎበጠው የላይኛው ነው፤ ረዘም ብሎ ለስለስ ያለ ጉብጠት ያለው የታችኛው። ከዚህ አልፎ በፊት ጥርስ ስም ማውጣት አይቻልም ማለት ይቀላል። በፊት ለፊቱ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ቦይ ካለው ግን ይለዩት፤ ቦይ ያላቸው ወገኖች ጥቂት ስለሆኑ ፍለጋውን ያሳጥራል።

ስሙ ያለው መንጋጋው ላይ ነው። በመጀመሪያው ፎቶ ከላይ ሦስተኛዋ መንጋጋ በሦስት ረድፍ የተደረደሩ ጉብታዎች ያሏት ትመስለኛለች። ልክ ነኝ? ሥሯንም ይቁጠሩልኝ።

ቀሃ ዳር — ጥር 10፣ ከቀኑ 6፡05

በዕረፍት ሰዓት ይህንኑ ስሠራ ነበር። ጥርሷ ከጣቴ እያመለጠች ስላስቸገረችኝ የጧፍ ሰም በጣቴ አለስልሼ ሥሯን ሰሙ ውስጥ ተከልኳት። አሁን እንደ ሻማ ቀጥ ብላ ቆማለች። አዎን፣ ሦስት ረድፍ ነው። በርዝመቷ በኩል ስመለከት የመካከለኛው ረድፍ ጉብታዎች ትልልቅ ናቸው፤ የውስጥና የውጭ ጎኖቹ አነስ ይላሉ። ሁሉም ጉብታዎች ወደ አንድ አቅጣጫ ዘመም ብለዋል። ስምንት ቆጠርኩ፣ ዘጠነኛው ከጎረቤቱ የተዋሃደ ይመስላል። ሥሯ ሦስት ነው።

የወንፊት ሰው — ጥር 10፣ ከምሽቱ 1፡30

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄዎ እዚህ ላይ መልስ አገኘ። ሦስት ረድፍ ጉብታ ያለው መንጋጋ የላይኛው መንጋጭላ ነው፤ ታችኛው ሁለት ዋና ረድፍ ይኖረዋል። የላይኛው ጉብታዎች ወደ ኋላ፣ የታችኛው ወደ ፊት ይዘማሉ። ባለሙያዎች እነዚህን ጉብታዎች ከ1 እስከ 9 ቁጥር ሰጥተዋቸው ነው የሚነጋገሩት። «አራተኛው ከስምንተኛው ጋር በድልድይ ተያይዟል»፣ «ሦስተኛው ጠፍቷል» ሲሉ ሌላው አገር ያለ ሰው ጥርሱን ሳያይ ይስለዋል።

ይህ የሦስት ረድፍ አሠራር የእውነተኞቹ አይጦች ነው፤ የተሠራውም በኋላ ዘመን ነው። ፓኪስታን ውስጥ በፖትዋር አምባ በተደራረበው ደለል ውስጥ አንቴመስ የተባለችው ጥንታዊ አይጥ ወደ 14 ሚሊዮን ዓመት ገደማ አለች፤ በእርሷ ጥርስ ላይ የውስጠኛው ረድፍ ገና ሲጀምር ይታያል። ከላይዋ ባሉት ንጣፎች ፕሮጎኖሚስ ትከተላለች፤ እዚያ ላይ ሦስቱ ረድፎች ተሟልተዋል። እኛ አገር ጮሮራ ላይ፣ ወደ 8 ሚሊዮን ዓመት በሚጠጋ ደለል፣ የዚህ አስተኔ ጥርሶች ተገኝተዋል፤ በአፍሪካ ቀደም ካሉት ይቆጠራሉ። በጭልጋው ዘመን በሰሜን አፍሪካ የነበሩት ግን ፊዮሚስ የተባለው ጥንታዊ አይጥ መሰል እንስሳ ዘመዶች ናቸው፤ ግብፅ ፋዩም ላይ በብዛት ወጥተዋል። የእነርሱ መንጋጋ በአግድም የተዘረጉ ሸንተረሮች አሉት፤ በሦስት ረድፍ የቆመ ጉብታ የለውም። ከአሁኖቹ እንስሳት የሸምበቆ አይጥ የምትባለው ትልቋ የቆላ እንስሳ የዚያ ወገን ናት።

ስለዚህ ጥርሷ ከ27 ሚሊዮን ዓመቱ ድንጋይ አልወጣችም። ከላይ ወድቃ ከግርጌው አፈር ጋር የተቀላቀለች ናት። ተመልሰው ሲሄዱ ወደ ላይ ይመልከቱ።

ማራኪ ሰፈር — ጥር 10፣ ከምሽቱ 3፡00

ጋሼ፣ በትሕትና ልጠይቅ። ጥርሱ ዕድሜውን ይወስናል ካልን፣ ዕድሜውንም በጥርሱ ካረጋገጥን በክብ እየዞርን አይደለም? ምናልባት ጭልጋ ላይ ከዚያ የቀደመ አይጥ ኖሮ እስካሁን ያላገኘነው ሊሆን ይችላል። ደግሞስ ዛሬ ዘረመል እያለ በጉብታ ቅርጽ መከራከር ለምን ያስፈልጋል?

የወንፊት ሰው — ጥር 11፣ ከጠዋቱ 1፡20

ልጄ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው። የፖትዋርም ሆነ የጮሮራ ዕድሜ የተወሰነው በጥርስ አይደለም፤ ድንጋዩ በመዘገበው የምድር መግነጢስ መገለባበጥና በእሳተ ገሞራ አመድ ነው። የጭልጋውም እንዲሁ። ስለዚህ ክቡ ተቆርጧል። የቀደመ አይጥ ሊኖር ይችላል ላልከው ደግሞ፣ እንዲህ ያለውን ነገር ለማለት ጥርሱ ድንጋዩ ውስጥ እንደተቀበረ መገኘት አለበት። ልቅ አፈር ላይ የተለቀመ ጥርስ በሸክም መንገድ እንደወደቀ ዕቃ ነው፤ ባለቤቱን እንጂ የመጣበትን ቤት አይናገርም።

ዘረመልን በተመለከተ አንድ የሚያስተምር ታሪክ አለ። አኮሚስ የተባለችው ጀርባዋ እሾሃማ አይጥ መንጋጋዋ ሦስት ረድፍ ጉብታ ስላለው ለረጅም ጊዜ ከእውነተኞቹ አይጦች ጋር ስትቆጠር ኖራለች። በ1990ዎቹ የዘረመል ጥናት ሲደረግ ጀርቢል ከሚባሉት የበረሃ አይጦች ጋር የቀረበ ዝምድና እንዳላት ታወቀ። ሁለት ቤተሰቦች ተመሳሳይ ምግብ እየበሉ ተመሳሳይ ወፍጮ ሠርተው ነበር። ስለዚህ ጥርስ ሊያሳስት ይችላል፤ ይህንን አልደብቅም። ነገር ግን በእኛ ሙቀት የሦስት ሚሊዮን ዓመት ጥርስ ውስጥ ዘረመል አይተርፍም። ኢናሜሉ ይተርፋል። ያለን ምስክር እርሱ ስለሆነ በደንብ መጠየቅ አለብን።

የደንቢያ ልጅ — ጥር 11፣ ከምሽቱ 12፡50

እህቴ፣ በሁለተኛው ፎቶ ላይ ያሉትን ሁለቱን ትልልቅ መንጋጋዎች እኔ አውቃቸዋለሁ። ፍልፈል ናቸው። አባቴ ማሳ ላይ እርሷን በወጥመድ ሲይዝ ነው ያደግኩት፤ የደረቀ የራስ ቅሏን እየሰበሰብን እንጫወት ነበር። መንጋጋዋ ጉብታ የለውም፤ አናቱ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ጠፍጣፋ ነው፤ በላዩም ነጭ መስመር እንደ እባብ ይጠማዘዛል። የፊት ጥርሷ ደግሞ ከከንፈሯ ውጭ ነው የሚውለው፤ አፏን ዘግታ በጥርሷ መሬት ትቆፍራለች።

አንድ ነገር ልጨምር። ፍልፈል ያለበት መሬት ላይ የታችኛው አፈር ከላይ፣ የላይኛው ከታች ይሆናል። አንድ ጊዜ ከጉድጓዷ ያወጣችው የአፈር ክምር ላይ የድሮ የሸክላ ስባሪ አግኝተናል። ትናንት የሞተች ፍልፈል በጉድጓዷ ውስጥ ብትቀር አጥንቷ ከጥንት አፈር ጋር ነው የሚገኘው። ስለዚህ በጥልቀት ተገኘ ማለት የቆየ ነው ማለት አይደለም።

ማራኪ ሰፈር — ጥር 11፣ ከምሽቱ 1፡35

ለደንቢያ ልጅ፦ የእናንተ ማሳ በሳይንስ ታሪክ ውስጥ ስም ያለው መሆኑን ታውቅ ይሆን? ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል ከ1832 እስከ 1833 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ወደ ጎንደርና አካባቢው መጥቶ ነበር። ዛሬ ታኪዮሪክቲስ ስፕሌንደንስ የምትባለውን ፍልፈል በ1835 ለዓለም ያስተዋወቃት እርሱ ነው፤ የመጀመሪያው ናሙናም የደንቢያ ነው። የደጋውን የሣር አይጥ አርቪካንቲስ አቢሲኒከስንም በ1842 የሰየመው ሩፔል ነው። ከእነዚህ ወገኖች አንዱን ለመለየት የሚከራከር የዓለም ተመራማሪ ሁሉ መነሻው ከዚህ ከእኛ ደጅ ነው።

የወንፊት ሰው — ጥር 11፣ ከምሽቱ 2፡10

ደስ የሚል ነገር አነሳችሁ። የፍልፈል ነገር ሲነሳ፣ ሐዳር ላይ በሉሲ ዘመን ደለል ውስጥ ዛሬ የሌለ የፍልፈል ዝርያ ተገኝቷል፤ መልካ ቁንጥሬ ላይም ሌላ። የአሁኖቹን የደንቢያ ፍልፈልና ባሌ ላይ ብቻ የምትኖረውን ትልቋን ፍልፈል ከእነዚያ ጋር የሚያስተያዩት በመንጋጋው ቁመትና በኢናሜሉ ጥምዝ ጥልቀት ነው። የደንቢያ ልጅ በልጅነቱ የተጫወተበት የራስ ቅል ለእንደዚህ ያለ ሥራ ቁም ነገር ነው።

አንገረብ — ጥር 12፣ ከቀኑ 9፡25

እኔ የምሠራው በጥርስ ሕክምና ነው፤ የሰው ጥርስ እንጂ የአይጥ አላውቅም። ግን ፎቶዎቹን አጉልቼ ስመለከት አንድ ነገር አስተዋልኩ። በተራ ቁጥር 5 እና 9 የተቀመጡት ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ተደርገው ተለይተዋል። 5 ቁጥር ሹል ጉብታዎች አሏት፤ 9 ቁጥር ጉብታ የላትም፣ በአናቷ ላይ ቡናማ ደሴቶች ብቻ ይታያሉ፣ ዙሪያቸው ነጭ ጠርዝ አለው። ይህ በየቀኑ የማየው ነገር ነው። ጉብታው በማኘክ ሲላጭ ኢናሜሉ ይከፈትና ውስጡ ያለው ዴንቲን ይገለጣል፤ ዴንቲን ስለሚለሰልስ ይጎደጉዳል፤ ኢናሜሉ እንደ ግድግዳ ዙሪያውን ይቆማል። ደሴቶቹን ብትቆጥሩ አቀማመጣቸው ከ5 ቁጥር ጉብታዎች ጋር አንድ ነው። እኔ አንዲት ወጣትና አንዲት አሮጊት የአንድ ዝርያ አይጦች ናቸው እላለሁ።

ከላይ ብቻ ከማየት የጥርሱን ቁመት ከጎን ብትለኩ ይረዳል። የተላጨው ማጠሩ አይቀርም፤ ከታች ያለው ስፋቱ ግን ብዙ አይለወጥም።

የወንፊት ሰው — ጥር 12፣ ከምሽቱ 2፡45

አንገረብ ያሉት በዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉ የከፋውን ስሕተት ነው የያዘልን። በእርጅና የተላጨን ጥርስ አዲስ ዝርያ ብሎ መሰየም በብዙ ሰው ላይ ደርሷል። ስለዚህ ከአንድ ጥርስ ስም አናወጣም፤ የተመሳሳይ ቦታ ጥርሶችን፣ ለምሳሌ የላይኛው ግራ የመጀመሪያ መንጋጋዎችን ብቻ፣ ከሕፃን እስከ አሮጌ ደርድረን ነው የምናየው።

እስካሁን ካየሁት የምለው ይህ ነው። ትንንሾቹ የሙስ፣ ማለትም የቤት አይጥና የዘመዶቿ፣ ወገን ይመስላሉ። የላይኛው የመጀመሪያ መንጋጋ ከፊት በኩል የተሳበና ረጅም ነው፤ ሦስት ሥር አለው። የቤት አይጥ ከሆነች በላይኛው የፊት ጥርስ ጫፍ ላይ ከኋላ በኩል የተነከሰ የሚመስል ጥርብ ይኖራታል፤ ይፈልጉት። በትልቁ አይጠ መጎጥ የዚሁ መንጋጋ ሥር አምስት ነው፤ አምስት ሥር ያላቸው የሜዳ አይጦችም ስላሉ ግን ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም። መካከለኞቹ፣ ጉብታቸው ሰፋፊና ሲላጩ በአግድም የሚያያዙት፣ የአርቪካንቲስ ወገን ናቸው ብል አላፍርም፤ ሣር ለሚበላ አፍ የሚመች ወፍጮ ነው። ዝርያቸውን ግን አልጠራም።

ከፍልፈሎቹ ሌላ ሁለት ትልልቅ የቀሩት ልቤን ወስደውታል። ስስ የኢናሜል ሰሌዳዎች እንደ መጽሐፍ ገጽ ጎን ለጎን ቆመዋል። ይህ ኦቶሚስ ነው፤ እርጥብ ሣርና ረግረግ ዳር የምትውለው የደጋ አይጥ። በእርሷ መንጋጭላ ከላይ ሦስተኛው መንጋጋ ከሁሉ ይበልጣል፤ ዝርያዎቿንም ከሚለዩበት ነገር አንዱ የሰሌዳዎቹ ቁጥር ነው። ይቁጠሩልኝ፣ ከፊት ወደ ኋላ።

ሁሉም ዝርያ በዚህ መንገድ ይገኛል እንዳይመስላችሁ። ከጣና በስተ ደቡብ፣ በግልገል አባይ ምንጭ አቅራቢያ፣ በ1927 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተያዘች ኒሎፔጋሚስ የተባለች ውኃ ገብታ የምታድን አይጥ አለች። እስከ ዛሬ በዓለም ላይ የታወቀው ናሙናዋ ያ አንዱ ብቻ ነው። የጥርሷ ቅርጽ ከአንድ እንስሳ ውጭ አይታወቅም። እርሷን የመሰለ ጥርስ በአንድ ወንፊት ላይ ቢቀር፣ ያችን ብቸኛ ናሙና የሚያውቅ ሰው ካላየው በስተቀር ያልፋል።

ቀሃ ዳር — ጥር 19፣ ከምሽቱ 3፡10

ዛሬ ተመልሼ ሄጄ ነበር። ወደ ላይ ይመልከቱ ባሉኝ መሠረት ቀና ስል ከገደሉ አናት በታች አንድ ስንጥቅ አየሁ፤ ከሥሩ ድንጋዩ በነጭ ኩስ ተለስኗል። የጉጉት ማደሪያ ነው። በስንጥቁ ትይዩ መሬት ላይ አውራ ጣት የሚያህሉ ግራጫ ድቡልቡሎች ወዳድቀዋል። ጉጉት አይጧን ሳትበጣጥስ ትውጥና ጠጉሩንና አጥንቱን ጠቅልላ ትተፋዋለች፤ ይህንን ከመጽሐፍ አስተምራለሁ እንጂ በእጄ ይዤው አላውቅም ነበር። በአካባቢው የነበሩ ሽማግሌ «ልጄ፣ ጉጉት የወጣችበትን አትንኪ» ብለው ሊመልሱኝ ሞከሩ። ምን እንደምፈልግ ሳስረዳቸው ግን አጠገቤ ተቀምጠው አብረውኝ ለቀሙ።

አንዱን ድቡልቡል በሞቀ ውኃ ዘፍዝፌ በመርፌ ፈታሁት። ውስጡ ሦስት የራስ ቅል አለ። በአንደኛው ላይ ሦስቱም መንጋጋዎች በቦታቸው ናቸው፤ የመጀመሪያው ከጧፍ ሰሙ ላይ ካቆምኳት ጥርስ ጋር ጉብታ በጉብታ ተመሳሰለ። «የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ» ይባል ነበር፤ እኔ ምስክሯን ጉጉት ሆና አገኘኋት። የኦቶሚስን ሰሌዳዎች ቆጠርኩ፣ በሁለቱም ላይ 7።

ይህንን ሁሉ ስጽፍ የሚያንገበግበኝን ልናገር። ከዓመታት በፊት በሠራሁበት አንድ ትምህርት ቤት ከተማሪዎች ጋር የሰበሰብናቸው የትናንሽ እንስሳት የራስ ቅሎች በካርቶን ነበሩ። መጋዘን ሲጸዳ «አጥንት ምን ያደርጋል» ተብሎ ተጣለ። በእያንዳንዱ ላይ ቀንና ቦታ ጽፈን ነበር። ዛሬ እነዚያ ቢኖሩ ኖሮ በሳምንት የሠራሁትን በአንድ ምሽት እጨርሰው ነበር።

አንድ ነገር ይቀራል። ከከሰሉ መስመር በታች፣ ድንጋዩ ውስጥ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ቡናማ የሚያብረቀርቅ ነገር ገብቶ አየሁ። ኢናሜል ይመስላል። አልነካሁትም። ከጎኑ ሳንቲም አስቀምጬ ከሩቅም ከቅርብም ፎቶ አነሳሁ።

የወንፊት ሰው — ጥር 19፣ ከምሽቱ 4፡00

አለመንካትዎ ትልቅ ነገር ነው። በዚያ መጠን አይጥ ሊሆን አይችልም። ጭልጋ ላይ የጥንት ሽኮኮ ዘመዶችም ስለወጡ ግምቴ ወደዚያ ያዘነብላል፤ ሽኮኮ ደግሞ ከዝሆን እንጂ ከአይጥ አይዛመድም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 እንዲህ ያለ ነገር ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ ያዛል። ነገ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ቅጂውንም ያስቀሩ። ቦታውን በዚህ መድረክ ላይ ከጻፉት በላይ አይግለጹት።

ለጉጉቷ ጥርሶች ደግሞ እያንዳንዱን ድቡልቡል በየፖስታው ለብቻ ይለዩ። ከአንድ ድቡልቡል የወጡ ጥርሶች የአንድ ሌሊት አደን ናቸው፤ ከተቀላቀሉ ይህ ይጠፋል። ኢናሜሉ ላይ የሟሟ ቦታ ካለም ይመዝግቡ፤ የሆድ አሲድ የነካው መሆኑን የሚያሳይ ስለሆነ ወደፊት በቅሪተ አካል ላይ ሲያዩት ማን እንደበላው ይገምታሉ።

የደንቢያ ልጅ — ጥር 20፣ ከጠዋቱ 2፡30

እህቴ፣ እኔም ሁለት የፍልፈል የራስ ቅል ከአባቴ ማሳ አለኝ። ቅዳሜ ለገበያ ጎንደር ስመጣ አመጣልዎታለሁ። ቀበሌውንና የተገኘበትን ቀን በወረቀት ጽፌ አብሬ አስሬያለሁ።

ቀሃ ዳር — ጥር 24፣ ከምሽቱ 1፡15

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ የራስ ቅሎቹ ደርሰውኛል። ማመልከቻውንም ማክሰኞ አስገብቼ የገቢ ቁጥር ተቀብያለሁ።

የ10ኛ ክፍል ተማሪዎቼ ከትምህርት በኋላ እየቀሩ ድቡልቡሎቹን ይፈታሉ። የላይኛው ግራ የመጀመሪያ መንጋጋ ብቻ 17 ደርሷል። ከሕፃን እስከ አሮጌ በሰም ላይ ደርድረናቸዋል፤ አንገረብ እንዳሉት 5 እና 9 ቁጥር ጎን ለጎን ገቡ። ሁለቱ ግን ከሰልፉ አልገጠሙም፤ ከሌሎቹ ይሰፋሉ፣ ሥራቸውም አምስት ነው። ከአይጠ መጎጥ ጋር የማስተያይበት የራስ ቅል ስለሌለኝ ነገ ከላይ፣ ከጎንና ከሥር ፎቶ አንስቼ እለጥፋለሁ።